ጩኮ ያልቀረበበት ደቦ

በሮቤና በጎባ መካከል ያለው መንገድ አንድ ጥሩ ክርክር ለመጨረስ አይበቃም። ሮቤ ላይ ሚኒባስ ውስጥ የተጀመረ ሙግት የሚቋጨው ጎባ መናኸሪያ ላይ ነው፤ ረዳቱ «ውረዱልን እንጂ!» እያለ። ክርክሩ ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው። ጎባዎች የድሮው ጠቅላይ ግዛት ከእነሱ ከተማ ይገዛ እንደነበር ያስታውሳሉ። ሮቤዎች የዞኑ ዋና ከተማ አሁን የት እንደሆነ ያስታውሷቸዋል። ጎባዎች «ሮቤ የስንዴ ማሳ ላይ የበቀለ ገበያ ነው» ይላሉ። ሮቤዎች «ጎባ ላይ ሰላምታ የሚጀመረው በማስነጠስ ነው» ይላሉ።

አባቴ የሮቤ፣ እናቴ የጎባ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም ከተሞች ያምኑኛል፤ ማለትም ሁለቱም እኩል ይጠረጥሩኛል። በሁለቱ መካከል የጥያቄና መልስ ውድድር ሲታሰብ ጥያቄ አውጪም አንባቢም እኔ እንድሆን የተመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው እንጂ በዕውቀቴ አይደለም። ሰው ግን በዕውቀቱ ነው ሲል አልከለከልኩም።

ውድድሩን ያሰቡት ቲቸር ናቸው። ግማሽ ሮቤንና ሩብ ጎባን ፊደል አስቆጥረው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ቤት መቀመጥ ያልሆነላቸው ሴት ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ባለ ሱቁም፣ ባለ ባጃጁም፣ ሐጂዎቹም «ቲቸር» ነው የሚሏቸው። ከሮቤ ከተማ አዳራሽ ጀርባ ያለችውን የንባብ ክፍል እሳቸው ነበሩ የሚይዟት። ክፍሏ ቆርቆሮ ጣሪያ አላት፤ ዝናብ ሲመጣ ማንበብ ይቅርና ማሰብም አይቻልም። መጻሕፍቱም ከየቦታው የተለቀሙ ናቸው፦ ሽፋን የሌለው የጂኦግራፊ መማሪያ፣ የንብ እርባታ መመሪያ፣ የሬዲዮ ጥገና፣ ግማሹ በአይጥ የተነበበ መዝገበ ቃላት።

እኔ ንባብ ሰውን ይለውጣል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ብዙ አንብቤያለሁ፤ የለወጠብኝ ነገር ቢኖር መነጽሬን ነው። ቢሆንም ክፍሏ ስትዘጋ ማየት አልፈለግሁም። ልትዘጋ ነበር። አዳራሹ የሚመለከተው ኃላፊ አንድ ቀን ብቅ ብሎ፣ በክፍሏ ውስጥ ከቲቸርና ከእኔ በቀር ሰው አጣ። እኔም ተኝቼ ነበር።

«ቲቸር፣ አንባቢ የለም» አላቸው። ኃላፊው የእሳቸው ተማሪ ስለነበር ድምፁ ላይ ያልተሠራ የቤት ሥራ ያለ ይመስል ነበር። «ወጣቱ የሚፈልገው መዝናኛ ነው።»

መዝናኛውም ብዙ ሳይቆይ ከሻሸመኔ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፦ ሁለት የፑል ጠረጴዛዎች። ፕላስቲካቸው ሳይወልቅ ከክፍሏ በር ፊት ለፊት ተደግፈው ቆሙ፤ በሽተኛው እስኪሞት ደጅ ላይ የሚጠብቁ ወራሾች ይመስሉ ነበር። ቲቸር በየቀኑ በጎን በጎናቸው እየሾለኩ ይገቡ ነበር። በመጨረሻ ኃላፊው ቢሮ ሄደው ተቀመጡና አልነሣም አሉ። እሱም ከወንበራቸው ለማስነሣት አንድ ቃል ሰጣቸው፦ «ለመጽሐፍ ነገር መጥቶ እስከ መጨረሻው የሚቀመጥ አንድ አዳራሽ ሕዝብ ያሳዩኝ፤ ፑሉን ሌላ ቦታ እወስዳለሁ። ሕዝቡ በመሃል ውልቅ ካለ ግን፣ ቲቸር፣ ቁልፉን ይሰጡኛል።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

ቲቸር በዚያው ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ ሄዱ።

መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ነበረች። ወላጆቿ ከስልጤ አገር መጥተው ሮቤ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ እሷ ከጨርቁ ሱቅ ጎን ጥግ ይዛ ትጽፋለች፣ ታትማለች፣ ፎቶ ኮፒ ታደርጋለች። ይህ ግን ለእንጀራዋ ነው። ለነፍሷ ፕሮግራም ትጽፋለች። ቲቸር ነገሩን ሲነግሯት ዓይኗ በራ። ጥያቄው በትልቅ ስክሪን ይወጣል፣ ቡድኖቹ በስልካቸው ይመልሳሉ፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል፣ ነጥቡ ራሱ ይደመራል። «ሕዝቡ ለስክሪኑ ሲል ይቀመጣል» አለች። እኔ ጥያቄዎቼ ብቻቸውን ሕዝብ ያስቀምጣሉ ብዬ ነበር። «ጋሼ፣ አንተ ስታወራ እኮ እኔም ፎቶ ኮፒ ማሽኑን የማስነሳው እንዳልሰማህ ነው» አለችኝ።

እዚህ ላይ የጎረቤቴን የአሠራር ዘዴ መናገር አለብኝ፤ የሆነው ሁሉ ከእሱ ነው የመጣው።

ፕሮግራም የሚጻፍበት ኤዲተር የሚባል ነገር አለ። መጻፊያ ብቻ አይደለም። በመሥራት ላይ ያለን ፕሮግራም በመሃል «ቁም» ብሎ ያስቆማል፤ ሆዱን ከፍቶ የያዘውን ያያል፤ ካልጣመውም ይለውጥና «ቀጥል» ይለዋል። ስህተት የሚፈለገው እንዲህ ነው። የስብሰባውንና የሂሱን ዘመን ያየ ሰው በአንድ ቃል ይገባዋል፦ ግምገማ። ልዩነቱ ፕሮግራም ሂሱን ሲቀበል የማያንገራግር መሆኑ ነው። ይህ የግምገማ በር በደንቡ የሚሰማው እዚያው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠውን ሰው ብቻ ነው። ሌላ ሰው ከውጭ ቢያንኳኳ አልሰማሁም ይላል።

ጎረቤቴ ግን በደቦ አገር ያደገች ናት። ስንዴ ሲደርስ ማንም ብቻውን አያጭድም፤ ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይመጣል። እሷም ፕሮግራም የምትጽፈው በደቦ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒውተር የሚያውቁ ወዳጆቿ ላፕቶፓቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ። ሱቋ ጠባብ ስለሆነች አንዱ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋር ይተቃቀፋል፣ አንዱ የአባቷ ጨርቅ ጣቃ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ውጭ ፀሐይ ላይ በርጩማ ይይዛል። ሁሉም በአንድ ዋይፋይ ይገናኛሉ። ስህተት ያየ ሰው «ቆይ፣ እኔ ልግባ!» እንዲል፣ ያንን የግምገማ በር ለዋይፋዩ ሁሉ ከፍታዋለች። የይለፍ ቃል የለውም። በደቦ ማሳ ውስጥ የገባን ሰው ማን ፈቀደልህ ይባላል እንዴ?

ከደቦኞቹ ሁሉ ፈጣኑ የጎባው ሰው ነበር። ጎባ ላይ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ክረምት ከበጋ ጋቢ ይለብሳል፤ ሮቤ ሲደርስ «ወይ ሙቀታችሁ!» እያለ ጋቢውን አያወልቅም። ደቦ ላይ የሚመጣው ለጎረቤቴ ወዳጅነት ነው ቢልም ሁላችንም የምናውቀው ሌላ ምክንያት ነበረው፤ የእናቷ ጩኮ። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ፣ በነጠረ የቅመም ቅቤ ተለውሶ የሚቀርበውን ጩኮ የአገሩ ተወላጆች ሁሉ ይሠራሉ። ግን የእኚህን የስልጤ ሴት ጩኮ የቀመሰ ሰው የገዛ እናቱን ጩኮ በትሕትና ነው የሚያነሣው።

የውድድሩ ፕሮግራም ደቦ በተጠራበት ቅዳሜ ግን እናቷ ለዚያራ፣ ለቅዱሱ ቦታ ጉብኝት፣ ሼክ ሁሴን ሄደው ነበር። ጎረቤቴ በችኮላ ብስኩት በሰሃን አቀረበች።

የጎባው ሰው ብስኩቱን አንሥቶ ግራና ቀኙን አየው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ብስኩት ነው። ብላ እንጂ።»

«እህቴ፣ እኔ እንደ ሕፃን ክትባት ተወግቼ በብስኩት ልባበል ነው እንዴ የመጣሁት?»

«እማዬ የለችም አልኩህ። ሌላ ጊዜ፣ ኢንሻአላህ።»

«ያ ረቢ!» አለ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ። «ደቦ ተጠርቼ ብስኩት በላሁ። ሮቤ ይኸው ነው!» ሣቅን። እሱም ሣቀ። ሥራውን ጨርሶ፣ ብስኩቱን ለመንገድ ብሎ ኪሱ ከቶ ሄደ። ማንም ነገሩን አላሰበውም።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ሞላ። ከጎባ በአውቶቡስ መጡ፤ ከአጋርፋ ጭምር የመጣ ነበር፣ ከሪራ ማር ይዞ ለገበያ የወጣ ሰውም ማሩን ከእግሩ ሥር አስቀምጦ ተቀመጠ። ኃላፊው ከፊት ወንበር ላይ ነው። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ስለ ልማት የተጻፈ ባነር ተሰቅሏል፤ መሃሉ ላይ ስለረገበ «ልማት» የሚለው ቃል ብቻ ተሸብሽቦ ነበር። ቲቸር አዲስ ነጠላ ለብሰው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ማን እንደሚገባ ሳይሆን ማን እንደሚወጣ ነው የሚጠብቁት።

ጎረቤቴ ላፕቶፗን ከስክሪኑ ጋር አገናኝታ የመጨረሻ ነገር ታስተካክል ነበር። «ዋይፋዩ ላይ የይለፍ ቃል ልጨምርበት» አለች።

ቲቸር ሰሙ። «እንግዳ ጠርተሽ በር ላይ ቃል ታስጠይቂያለሽ? ከጎባ ድረስ የመጣ ሰው? ነውር ነው!»

ተወችው። ያ የግምገማ በርም በደቦው እንደተከፈተ ነበር። ስታስተካክል የነበረው በእሱ በኩል ነውና፤ ሕዝቡ ማጨብጨብ ሲጀምር እንዳለ ትታው እጇን አነሣች። አንድ ሐጂ ዱዓ አደረጉ፣ «አሚን» ተባለ፣ ተጀመረ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር እንደ ሠርግ ነበር። «ቀይ ቀበሮ ከምንም በላይ የምትመገበው ምንድን ነው?» ብዬ አነበብኩ። ስክሪኑ ላይ ጥያቄው ወጣ፣ ሰዓቱ ቆጠረ፣ ሮቤዎች ፍልፈልና አይጥ ብለው መለሱ፣ ነጥቡ በአረንጓዴ ተደመረ። ሕዝቡ ነጥቡ ሲደመር ማየት ጣመው። ሮቤ መራ። ቲቸር ከበሩ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው ስክሪኑን ማየት ጀመሩ።

የጎባ ተራ ደረሰ። ጥያቄው ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ ነበር፤ በውስጡ የሚያልፈው ወንዝ ማን ይባላል? ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲቆጥር አራት ላይ ሲደርስ ቆመ።

ጠበቅን። አራት። አሁንም አራት። ጎባዎች ሰዓቱ እንደቆመ ሲያዩ ረጋ ብለው መመካከር ጀመሩ። አንደኛው እንዲያውም ተነሥቶ ደጋፊዎቹ ጋ ሄደና አንድ ሽማግሌ አማክሮ ተመለሰ።

«ኧረ ሰዓት!» ሲል አንድ ሮቤ ጮኸ። «ብርዳቸው አደረቀው!»

«እናንተ ደግሞ ከስንዴ ውጭ መቁጠር መች ታውቃላችሁ!» መለሰ ጎባ።

«ወይብ!» አለ የጎባ ቡድን፣ ሽማግሌው በነገሩት መሠረት። ልክ ነው። በዚያው ቅጽበት ሰዓቱ ነፍስ ዘርቶ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ብሎ ጨረሰ። አዳራሹ ፈነዳ። ጎረቤቴ ላፕቶፗ ላይ ተደፋች። ኃላፊው ወደ አጠገቡ ሰው ዘንበል አለ። ቲቸር ወደ በሩ ተመለሱ።

የሚቀጥለውን ጥያቄ ከወረቀቴ ላይ አነበብኩ፤ ስለ ሳነቴ አምባ ነበር። ሕዝቡ ግን እኔን ትቶ ስክሪኑን አይቶ በሣቅ ተንፈራፈረ። ዞር ብዬ አየሁ። ስክሪኑ እንዲህ ይላል፦

«ደቦ ተጠርቶ በብስኩት የተሸኘ ሰው ምን ያደርጋል? ሀ. ይታገሣል። ለ. ያለቅሳል። ሐ. ሰዓት ያቆማል።»

የሮቤ ቡድን ፈጣን ነበር፤ ሐን ነካ። ፕሮግራሙም «ትክክል!» ብሎ ነጥብ ሰጣቸው። ሣቅ ሰዎችን ከወንበር ሲጥል ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። የሪራው ባለ ማር እንስራውን አቅፎ እንባውን ይጠርጋል።

ጎረቤቴ አልሣቀችም። «በግምገማው በር ነው የገባው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ፕሮግራሙን እሱ ነው አስቁሞ የሚያስነሣው። እኔ ደግሞ ከፍቼ ትቼዋለሁ፤ ለዋይፋዩ ሁሉ።»

«ዝጊው እንጂ።»

«እሱን ለመዝጋት ፕሮግራሙን ማጥፋት አለብኝ። ካጠፋሁት ነጥቡ ሁሉ ይጠፋል።»

ቲቸር ማይኩን ከእጄ ወሰዱ። «ጩኮ የቀረብህ ልጅ» አሉ፤ አዳራሹ በአንዴ ጸጥ አለ፤ ያ ድምፅ ያሳደገው ሰው ነው ሁሉም። «በመስኮት የገባህ በበር ውጣ።»

ከኋላ ጋቢ ተነሣ። ከጋቢው ሥር የላፕቶፕ ብርሃን ፊቱን ያበራው ነበር። «አቤት ቲቸር» አለ የጎባው ሰው፣ እንደ አራተኛ ክፍል ተማሪ። ጎባዎች አጨበጨቡ፣ ሮቤዎች አፏጩ። ጋቢውን እየጎተተ ወደ ፊት መጣ። «ሰዓቱን እኔ ነኝ ያቆምኩት። ጥያቄውም የኔ ነው። ይቅርታ ይደረግልኝ፣ የብስኩቱ ነገር አንጀቴን በልቶት ነበር» ብሎ ከኪሱ ያንን ብስኩት አወጣ። እስከዚያ ቀን አልበላውም ነበር!

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን የጎባው ሰው እዚያ ቆሞ ሳለ፣ ላፕቶፑም በብብቱ ሥር ተዘግቶ ሳለ፣ የሮቤ ነጥብ በድንገት ዘጠኝ መቶ ሆነ። ወዲያው የጎባ ሺህ ሆነ። ከዚያ የሮቤ ሁለት ሺህ።

«ይሄ እኔ አይደለሁም!» አለ፣ ሁለት እጁን አንሥቶ። «ወላሂ እኔ አይደለሁም!» ከዚያ ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ‹እንዴት ነው የምትገባው› ሲለኝ አሳይቼው ነበር። ከኋላችን ያሉትም ያዩ ነበር መሰለኝ።»

ዩኒቨርሲቲው ላፕቶፕ የያዘ ተማሪ የሚያበዛባት ከተማ ናት ሮቤ። በሩ ማን እንደሆንክ አይጠይቅም፤ መንገዱን ያወቀ ሁሉ ይገባል። ነጥቡ እንደ ጋሪ ፈረስ ይጋልባል፤ ሮቤ ስምንት ሺህ፣ ጎባ ሠላሳ ሺህ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ከላፕቶፑ የሠርግ ዘፈን ፈነዳ። ቡድኖቹ መጨፈር ጀመሩ።

ኃላፊው ብቻ አልጨፈረም። ተነሥቶ ወደ ጎረቤቴ መጣ። ፊቱ ላይ የነበረው ሣቅ ከመሃል ተቆርጧል። «ዘፈኑን ማን ነው የከፈተው?»

«አላውቅም» አለች። «በዚያ በር የገባ ሰው ነጥብ መለወጥ ብቻ አይደለም የሚችለው። የእኔ ወንበር ላይ የተቀመጠ ያህል ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ሁሉ መክፈት ይችላል።»

«ላፕቶፑ ውስጥ ምን አለ?»

ጎረቤቴ እኔን አየችኝ፣ እኔ ባነሩን አየሁ። «የእናንተ ቢሮ የባለጉዳይ ፕሮግራም አለ። እሱንም እኔ አይደለሁ የጻፍኩት።»

«በደቦ?»

«በደቦ።»

በዕድሜዬ ብዙ ኃላፊ ሲደነግጥ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያማረ ድንጋጤ ግን አይቼ አላውቅም። «ዝጊው!» አለ።

«ነጥቡ ይጠፋል…»

«ነጥቡ ገደል ይግባ! ዝጊው!»

ዘጋችው። ዘፈኑ በመሃል ተቆረጠ፣ ስክሪኑ ጨለመ። የሚጨፍሩትም እግራቸውን አንሥተው ቀሩ።

የቲቸርን ፊት አየሁ። ሕዝቡ ለስክሪኑ ሲል ይቀመጣል ተብሎ ነበር፤ ስክሪኑ ሞተ። ከኋላ ወንበር ተገፋ። ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። ሌሎችም ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ቲቸር ከበሩ ፈቀቅ አላሉም፤ ግን ቁልፉን በመዳፋቸው ውስጥ ሲያገላብጡት አየሁ።

«እንግዲህ» አለ ከጎባዎች አንዱ እየተነሣ፣ «አሸንፈን ሄድን። ሠላሳ ሺህ!»

እግዜር ነው ባርኮ ያናገረው።

«ማን አሸነፈ?» ከሮቤ በኩል አንድ ነጋዴ ብድግ አለ። «ማን አሸነፈ ነው የምትለው? የሌባ ነጥብ ነው!»

«ሰዓቱ ባይቆምም እናሸንፍ ነበር!» አለ ጎባው።

«ኮቱ፣ ና! ተመለስ! በአፍ እንጠያየቅና ይለይልን!»

ወደ በሩ የሄዱት ሁለቱ ሰዎች ዞር አሉ። አንደኛው ጎባ፣ አንደኛው ሮቤ ነበር፤ ማንኛቸውም ሌላው አሸነፍኩ ብሎ ሲቀር ጥሎ የሚሄድ አልነበረም። ተመልሰው ተቀመጡ።

በአፍ ቀጠልን። እጅ በማንሣት፣ ሐጂው ዳኛ ሆነው። ያለ ስክሪን፣ ያለ ሰዓት። ጥያቄዎቼ ብዙም ሳይቆዩ አለቁ፤ ውጤቱ ደግሞ እኩል ለእኩል ነው። «ጨምር!» ተባልኩ። የለኝም አልኩ። «እንግዲያው እኛ እንጠይቃቸው!» አሉ ሮቤዎች። «እኛም እንጠይቃችኋለን!» አሉ ጎባዎች። ግን ምን ብለው? ከባድ ጥያቄ በባዶ ሜዳ አይገኝም።

ቲቸር ከበሩ ተነሥተው ወደ አዳራሹ ጀርባ ሄዱ። የንባብ ክፍሏን በር ከፍተው ገለል አሉ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ገባ። ከዚያ ሦስት። ከዚያ ሮቤም ጎባም በፑል ጠረጴዛዎቹ መካከል እየተጋፉ ይገቡ ጀመር። መጻሕፍቱ በእጅ በእጅ ይወጣሉ። የጂኦግራፊው መማሪያ ለሁለት ሊቀደድ ሲል አንዲት የጎባ ነርስ አዳነችው። ከባድ ጥያቄ ለማግኘት የማይገለጥ ገጽ አልቀረም። የሬዲዮ ጥገናው መጽሐፍ ከባድ መሣሪያ ሆነ፤ ማንም ስላልገባው ማንም አልመለሰም። ሮቤዎች ከንብ እርባታው መመሪያ ስለ ንግሥቲቱ ዕድሜ ጠየቁ። መልሱ ሲነበብ የሪራው ባለ ማር «ውሸት ነው!» ብሎ ተነሣ።

«መጽሐፉ ነው የሚለው!»

«መጽሐፉ ሪራ አልደረሰም!»

«አንተስ መጽሐፉ ጋ ደርሰሃል?»

«አምጣው እስቲ!» አለና ተቀብሎ ተቀመጠ። ሲያነብ አፉ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ማሩ ለጠየቀው ሰው እንኳ አልመለሰም።

ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሐጂው ተነሡ። «በቃ። እኩል ናችሁ። እኩል መሆናችሁን ሁለታችሁም ስለማትቀበሉት ትክክለኛ ፍርድ ነው።» ሕዝቡ እየተሰዳደበና እየተቃቀፈ ወጣ።

ኃላፊው ፑል ጠረጴዛዎቹ አጠገብ ቆሞ ቀረ። በሕዝቡ ግፊያ የአንደኛው ፕላስቲክ ተቀዶ፣ ላዩ ላይ ግማሽ መዝገበ ቃላት ተቀምጧል። ቲቸር አጠገቡ መጥተው ቆሙ፤ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው። አልሰጡም፣ አልደበቁም።

«እስከ መጨረሻው ተቀመጡ» አሉ።

«ተቀመጡ፣ ቲቸር።» ተነፈሰ። «ታዲያ ይሄን ፑል የት ላድርገው?»

«ጎባ ላክላቸው» አሉ ቲቸር። «ይዝናኑ። እኛ እናነባለን።»

ጎባዎች ጠረጴዛዎቹን በደስታ ተቀበሉ፤ ሮቤን ዘረፍናት ብለውም አወሩ። እርግጥ ነው የሬዲዮ ጥገናው መጽሐፍም የዚያን ዕለት ጎባ ሄዶ እስካሁን አልተመለሰም። ነጥቡን ማን ሺህ እንዳደረገው፣ ዘፈኑንም ማን እንደከፈተው አልታወቀም፤ ሁለቱም ከተሞች ክብሩ የእኛ ነው ይላሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎረቤቴ ሱቅ ገባሁ። የቢሮውን ፕሮግራም ጨምሮ በሮቹን ሁሉ ዘግታለች፤ የግምገማው በር የሚሰማው እዚያው ላፕቶፕ ላይ የተቀመጠውን ብቻ ነው። እኔ በልማዴ ተከራከርኩ፦ ደቦ ሞተ፣ ሰው ሰውን ማመን ተወ፣ የተዘጋ በር የፈሪ ነው አልኩ። እሷ በጣቷ ወደ ጎኗ ጠቆመችኝ።

የጎባው ሰው በጋቢው እንደተጠቀለለ በርጩማ ላይ አጠገቧ ተቀምጧል። በፊቱ ትልቅ የእንጨት ገበቴ ጩኮ አለ፤ እናቷ ከዚያራ ተመልሰዋል። ስህተት ካየ ይናገራል፤ መንካት ግን አይችልም።

«እዚያ ጋ ነው፣ እዚያ! ቆይ እኔ ላሳይሽ» አለና እጁን ዘረጋ።

«በቅቤ እጅህ ኪቦርዴን እንዳትነካ!»

እጁን አየው። እስከ አንጓው ያብረቀርቃል። «ልታጠብ» ብሎ ሊነሣ ሲል፣ እናቷ ከጓዳ መጥተው በገበቴው ላይ ሌላ ጩኮ ገለበጡበት። ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞራ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። እሱም መልሶ ተቀመጠ።